ድሮ ዘፈን ፍቺ አይፈልግም ነበር

ወገኖቼ፣ ጆሯችሁ የደከመ፣ ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ አፋችሁ ግን ገና ያልተሸነፈ የዘመኔ ሰዎች፣ እስቲ ፍረዱኝ። ዘፈን አስተርጓሚ የሚፈልግ ነገር ሆኖ አረፈው! ድሮ ዘፋኙ ይዘፍናል፣ እኛ እንሰማለን፤ ሆድ የባሰው ያለቅሳል፣ ደስ ያለው ትከሻውን ይሰብቃል፣ አበቃ። ዛሬ ዘፈኑ አራት ደቂቃ፣ ማብራሪያው ግማሽ ቀን። በየትኛው ሰፈር ተሠራ፣ ለማን መልስ ነው፣ የጫማው ክር ለምን ሰማያዊ ሆነ፣ ከበሮው ከየትኛው የድሮ ሙዚቃ ተቆርጦ መጣ፤ ይህን ሁሉ ካላጠናችሁ "አልገባችሁም" ትባላላችሁ። በስተርጅና ለዘፈን ፈተና ልንቀመጥ!

ነገሩን የጀመረብኝ የልጅ ልጄ ነው። እዚሁ ሎስ አንጀለስ ተወልዶ ያደገ፣ ሆኖም እንጀራ በሹካ የማይነካ ጨዋ ልጅ ነው፤ በዚህ አላማውም። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሊጠጣ ሲመጣ ጆሮው ውስጥ የወተፈውን ነገር ነቅሎ ወደ እኔ ጆሮ ይጠጋል። "አባባ፣ ይቺን ስማት፤ መጀመሪያ ግን ታሪኳን ልንገርህ" ይለኛል። ታሪኳን! በእኛ ጊዜ የዘፈን ታሪክ ማለት ሸክላውን ማን ተውሶ ሳይመልስ እንደቀረ ማወቅ ነበር።

ባለ ዘፈኑ ኒፕሲ ሃስል ነው። ባለ ዘፈን እንበለው እንጂ አይዘፍንም፤ ያወራል። እየተራመደ፣ ሳይቸኩል፣ ሙዚቃው ላይ ያወራል። የእናት አባት ስሙ ኤርምያስ አስገዶም ነው። አባቱ ዳዊት ከኤርትራ የመጡ፣ እናቱ ጥቁር አሜሪካዊት፣ እሱ በ1985 እዚሁ ከተማችን የተወለደ። እንግዲህ ኤርምያስን የሚያህል የነቢይ ስም ያለው ሰው ምን ጎድሎት ነው ሌላ ስም የሚለጠፍበት? ልጁን ብጠይቀው "እሱም ታሪክ አለው" አለኝ። ኒፕሲ ረስል የሚባል ቀልደኛ ነበር፣ ጓደኛው በዚያ ስም ተጫውቶ ነው ያወጣለት ብሎ ሊቀጥል ሲል ያዝኩት።

"ቆይ! አንተ ነህ ኒፕሲ ረስልን ለእኔ የምታስረዳው?" አልኩት። እዚህ አገር ስገባ እንግሊዝኛ ያስተማረኝ ማን ሆነና! በቴሌቪዥን የሽልማት ጨዋታዎች ላይ ብቅ ብሎ ባለ አራት ስንኝ ግጥሙን ጣል የሚያደርግ፣ ከረባቱ የማይዛነፍ ሰው ነበር። በ1978 "ዘ ዊዝ" በተባለው ፊልም ላይ የቆርቆሮውን ሰው ሆኖ የተጫወተው እሱ ነው። በ2005 አረፈ። ግጥሙ ቤት ይመታል፣ ያስቃል፣ ያልቃል፤ ማብራሪያ ብሎ ነገር የለም። ይህንኑ ለልጁ ከአቦል ጀምሬ በደንብ ሳብራራለት በረካው ተቀዳ።

ከዚያ ደግሞ ፊደሉ መጣ። ሰውዬው በ2018 ባወጣው "ቪክትሪ ላፕ" በተባለው አልበሙ ውስጥ "ላስት ታይም ዛት አይ ቼክድ" የምትል ዘፈን አለች። ልጁ ስሟን ናፕኪን ላይ ጻፈልኝ። አየሁት። "ስህተት ነው" አልኩት። "ቼክድ" የሚለው ቃል ውስጥ ሲ እና ኬ ጎን ለጎን መቆም ሲገባቸው ኬዋ ጠፍታ ሁለት ሲ ተደርድረዋል። ልጁ ሳቀ። ስህተት አይደለም አለኝ። ሰውዬው ያደገበት ሰፈር ክሪፕስ የሚባለው የሰማያዊ ለባሾች የወሮበላ ቡድን ሰፈር ነው፤ ሲ እና ኬ አንድ ላይ ሲቆሙ "ክሪፕ ገዳይ" ተብለው ስለሚነበቡ በሰፈሩ አይጻፉም። እዚያው ዘፈን ላይ አብሮት ያለው ዋይጂ ደግሞ ከኮምፕተን የመጣ፣ ከባላንጦቻቸው ከቀዮቹ ከብለድስ ወገን ነው። ስለዚህ ሁለቱ አንድ ማይክራፎን ይዘው መቆማቸው ራሱ መልእክት ነው፣ ለዚህ ከተማ ቀላል ነገር አይደለም አለኝ።

መልእክቱስ ይሁን፣ ግን ሰው በፊደል ይጣላል? ፊደል እኮ ለመጻፊያ ነው! ለእንዲህ ያለ ከንቱ ነገር መራራቅ ምን ይባላል? እኔ ባለፈው የሠርግ ጥሪ መጥቶልኝ "ሠርግ" የሚለውን በንጉሡ ሠ መጻፍ ሲገባቸው በእሳቱ ሰ ስለጻፉት አልሄድኩም፤ ሰዎቹንም ከዚያ ወዲህ ሰላም አልልም። ያ ግን ሥርዓት ነው።

የጫማ ክሩም ነገር እንደዚሁ ነው። በ2010 "ብሉ ሌስስ" የምትል አወጣ፣ በ2018 ደግሞ ሁለተኛዋን ጨመረ። ሰማያዊ ክር፣ የሰፈሩ ቀለም ማለት ነው። እንግዲህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የጫማ ክር ቀለም ሲያነብ ይኖራል ማለት ነው? በእኛ ጊዜ ክር ጥቁር ነበር፤ ያውም ጫማው ካለ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ዓለምን ሲያስከትል የምን ክር፣ የምን ጫማ! 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በባዶ እግሩ። ማንም ቀለሙን አልጠየቀም።

አበበን ካነሳሁ አይቀር፣ ይህ ኒፕሲ የእኛን ነገር ወስዶብናል። የ2010ሩን ሥራውን "ዘ ማራቶን" አለው፣ የ2011ዱን "ማራቶኑ ይቀጥላል"፣ ልብስ ቤቱን ማራቶን፣ አልበሙን ደግሞ የድል ዙር። ማራቶን እኮ የእኛ ነው! ግሪኮች ስሙን አወጡት እንጂ ሩጫው የእኛ ነው። የልጅ ልጄ እንደሚለው ፍቺው ይህ ነው፦ ከትልቅ የሙዚቃ ኩባንያ ጋር ተፈራርሞ ሳይሆንለት ቀረና ወጣ፤ ሥራውን በራሱ አቅም እያወጣ ዓመታት ቆየ፤ የመጀመሪያውን የስቱዲዮ አልበም ያወጣው በ2018 ነው፣ እሱም ለግራሚ ታጨ። ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ፣ ልቡን ሳይጥል ማለት ነው አለኝ። ይህን ለመናገር ዘፈን ያስፈልጋል? አበበ በ1964 ቶኪዮ ላይ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሮጦ፣ አሸንፎ፣ ሌላው ገና ሳይደርስ ሜዳው መሐል ገብቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ነበር። የድል ዙር ማለት ያ ነው። እኔ በሬዲዮ ነው የተከታተልኩት፣ ግን ሲንጠራራ በደንብ ይታየኝ ነበር። የዛሬ ቴሌቪዥን እንደዚያ አያሳይም።

ገንዘቡንስ ስሙልኝ! በ2013 "ክሬንሾ" የተባለውን ሚክስቴፕ አወጣ። ሰው ሁሉ በነፃ ሊያገኘው ይችላል። በነፃ! ከዚያ እሱኑ በ1,000 ቅጂ አሳትሞ እያንዳንዱን በ100 ዶላር ሸጠው። ጄይ-ዚ የተባለው ባለጠጋ ራፐር ብቻውን 100 ቅጂ ገዛ፤ 10,000 ዶላር መሆኑ ነው። ሐሳቡን ከየት አመጣው ብል፣ ከመጽሐፍ ነው አለኝ፤ ፊላደልፊያ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሳንድዊች በ100 ዶላር እየሸጠ እንዴት ስሙ እንደገነነ የሚተርክ የንግድ መጽሐፍ። እንግዲህ እዚህ ደረስን። ሳንድዊች መቶ ዶላር፣ በነፃ የሚገኝ ዘፈን መቶ ዶላር፣ የሚገዛውም አይጠፋ። እኛ ገንዘብ የምናውቅ ትውልድ ነበርን። በ1969 አምኃ እሸቴ የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር እኔ ምሳዬን እየተውኩ ነው የገዛሁት፤ ማጫወቻ አልነበረኝም፣ ግን ገዛሁ። ጎረቤት ሬዲዮ እያለውም እኔ ሸክላውን ይዤ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር። ያ ሙዚቃን ማክበር ነው፤ ይህ ግን ብክነት ነው። የተዋሰኝ ሰው አሁንም በሕይወት ካለ ይመልስልኝ፤ ሰብሳቢዎች በውድ ይፈልጉታል አሉ።

ስለ መዋስ ከተነሳ፣ እነዚህ ልጆች ሁሉን ነገር ይዋሳሉ። "ሳምፕል" ይሉታል ሌብነቱን ሲያቆላምጡት። "ሃስል ኤንድ ሞቲቬት" የምትለው ዘፈን ውስጥ የሚሰማው የልጆች ድምፅ ከጄይ-ዚ የ1998 ዘፈን የተወሰደ ነው፤ ጄይ-ዚ ደግሞ "አኒ" ከሚባለው የ1977 የብሮድዌይ ቴአትር ነው የወሰደው። ቴአትሩ ላይ የሚዘፍኑት ወለል የሚፈገፍጉ የሙት ልጆች ናቸው። ስለዚህ አባባ፣ አለኝ ልጁ፣ ያ የድኻ ልጆች ዘፈን ከቴአትር ቤት ወጥቶ በብሩክሊን አድርጎ እዚህ ክሬንሾ ጎዳና ሲደርስ ትርጉሙ እየከበደ መጣ ማለት ነው። ሰማችሁ? የተዋሰውን ተውሶ፣ ትርጉሙ ከበደ ይባልልኛል። የእኛ ዘፋኞች ከማንም አይዋሱም ነበር። ሁሉም የየራሱን ትዝታ ነው የዘፈነው። አዎ፣ ዜማው አንድ ነው፣ ቅኝቱ አንድ ነው፣ ስንኙም አልፎ አልፎ ይገጣጠማል። ያ ግን ርስት ነው፤ ርስት ደግሞ የጋራ ነው። በ2010 ናስ እና ዴሚያን ማርሊ የሙላቱ አስታጥቄን "የግሌ ትዝታ" ወስደው "አዝ ዊ ኤንተር" ሲሠሩበትም እኔ ሌብነት አላልኩም። ገና ሙዚቃው ሲጀምር ከወንበሬ ተነስቼ "እሰይ! አሁን ምርጫ አወቁ!" ነው ያልኩት። ከእኛ ሲወስዱ ቢያንስ ዋናውን ነው የሚወስዱት።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን "ድርብ ትርጉም አለው" የሚለው ነገር ነው። አንድ መስመር ያቆምና "አባባ፣ ላዩን ሲሰሙት እንዲህ ነው፣ ውስጡ ግን..." ይለኛል። ላዩና ውስጡ! ለእኔ! አጎቴ ዋሸራ ድረስ በእግራቸው ሄደው፣ ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግበው፣ በየደጁ "በእንተ ስማ ለማርያም" እያሉ ቅኔ የተማሩ ሰው ናቸው። ጉባኤ ቃና ሁለት ስንኝ ናት፣ ሁለት ብቻ። አጎቴ አንዲቷን ከዘረፉ ሰሙን ለይቶ፣ ወርቁን አውጥቶ፣ ኅብሩን አግኝቶ፣ "የለም፣ ውስጠ ወይራ ነው" ብሎ ለመከራከር መሪጌታው፣ ደብተራው፣ ተማሪው ሁሉ ከማለዳ እስከ ማታ ይቀመጡ ነበር። አንዳንዷ እስከ ዛሬ አልተፈታችም፤ አጎቴም ሳይፈቷት አረፉ። እንደዚያ ነበር የእኛ ነገር፣ ግልጽ! የዛሬ ልጅ ሦስት ጊዜ ሰምቶ ካልገባው ጓደኛውን ይጠይቃል። ጥላሁን ገሠሠ "አልቻልኩም" ሲልም እንዲሁ ነው፤ በፍቅር አስመስሎ ስለ ዘመኑ ነው የሚያወራው ተብሎ አገር ምድሩ በሹክሹክታ ተቀባበለው። ማንም አላብራራልንም። በየቡና ቤቱ ተሰብስበን በር ዘግተን እርስ በርሳችን ነው የተነጋገርነው።

ፉከራቸውም አለ። እኔ እንዲህ ነኝ፣ ከምንም ተነሳሁ፣ ማን ይደርስብኛል። ሰው ራሱን እንዲህ ያወድሳል? ያው አጎቴ በየሠርጉ ድንኳን "ዘራፍ!" ብለው ሲነሱ ማይጨው ላይ የጣሉትን ጠላት በስም ባይሆንም በቁጥር ይዘረዝሩ ነበር፤ ቁጥሩ በየዓመቱ ይጨምራል። ስንቅ ጫኝ ነበሩ የሚል ምቀኛም አይጠፋም። ያ ግን ጀግንነት ነው። መሰዳደባቸውስ ቢሆን! አዝማሪ ቤት ገብቼ መላጣዬን እያየ ሲገጥምብኝ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሰው "ተቀበል" እያለ ሲጨምርብኝ፣ ብር አውጥቼ ግንባሩ ላይ ለጥፌለት ነው የወጣሁት። ጨዋነት የነበረበት ዘመን ነው።

እስቲ ስለ አንዱ ነገር ደግሞ በቀስታ ላውራ። በ2004 የኒፕሲ አባት እሱንና ወንድሙን ይዘው ኤርትራ ሄዱ፤ ሦስት ወር ቆዩ። ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለሱቁም ፖሊሱም ባለሥልጣኑም እንደ እሱ ጥቁር የሆነበትን አገር በዓይኑ አይቶ ሲመለስ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ ይለኛል የልጅ ልጄ፤ ስለ ባለቤትነት የሚያወራቸው ዘፈኖች ሁሉ ሥራቸው እዚያ ነው። እሱ ክሬንሾና ስሎሰን መገናኛ ላይ፣ መኪና ማቆሚያው ውስጥ ሲዲ እያዞረ የሸጠ ሰው ነው፤ በ2017 እዚያው ልብስ ቤት ከፈተ፣ በ2019 ከሸሪኩ ጋር ሆኖ ግቢውን ራሱን ገዛው። እኛ በ2002 ፌርፋክስ ጎዳና ላይ "ሊትል ኢትዮጵያ" የሚል ምልክት ተተከለልን ብለን ስንጨፍር ከረምን፤ ምልክቱ የእኛ ሆነ፣ ኪራዩን ግን ዛሬም እንከፍላለን። ይህን ስለው ልጁ "አባባ፣ ይኸው ገባህ" አለኝ። ምንም አልገባኝም፤ ስለ ኪራይ ነው ያወራሁት።

ኒፕሲ እዚያው ሱቁ ደጃፍ ላይ መጋቢት 31 ቀን 2019 በፈረንጆቹ አቆጣጠር በጥይት ተመትቶ ሞተ። 33 ዓመቱ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን ስቴፕልስ ሴንተር አዳራሽ ውስጥ ተሸኘ፤ ከዚያ አስከሬኑ በኤርትራ ባንዲራ ተሸፍኖ 25 ማይል ያህል በየሰፈሩ ዞረ። መንገድ ተዘጋ! አውቶቡስ የለ፣ ታክሲ የለ፣ የመድኃኒት ቤት ቀጠሮዬ አለፈ። መቼ እንደሚከፈት ልጠይቅ ብዬ ወጣሁና ሬሳው እስኪያልፍ ቆሜ ቀረሁ። የቆምኩት ጉልበቴ ስለያዘኝ ነው። ባርኔጣዬንም ያወለቅኩት ሞቆኝ ነው። ከጎኔ አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት "ወይ ልጄን!" እያሉ ሲያለቅሱ፣ ያውቁታል እንዴ ብዬ ብጠይቃቸው "አላውቀውም" አሉኝ። አያውቁትም፣ ያለቅሳሉ። እኔ ቢያንስ እያወቅኩት ነው የቆምኩት።

ልጁ "ራክስ ኢን ዘ ሚድል" የምትለዋን ያሰማኝ ከዚያ በኋላ ነው። ከመሞቱ ከሳምንታት በፊት በየካቲት የወጣች ናት፤ በ2020 እሱ በሌለበት ግራሚ ተሸለመች፣ ቤተሰቦቹ ተቀበሉ። ልጁ እንደ ልማዱ ሊያስረዳኝ ጀመረ፦ አባባ፣ ይህቺ ስለ ሀብቱ ነው፣ መኪናውን፣ ገንዘቡን ነው የሚቆጥረው፣ ከዚያ በመሐል ደግሞ በ2017 ስለ ተገደለበት ጓደኛው ያነሳል...

"ዝም በል" አልኩት። "ይህ ሙሾ ነው።"

ሰው ሀብት የሚቆጥረው ለመኩራት ብቻ ይመስለዋል፣ የዛሬ ልጅ። በእኛ አገር ትልቅ ሰው ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻው ወጥቶ፣ ካባው ተዘርግቶ ለለቅሶተኛው ይታያል። አልቃሿ እሱን እያየች ትደረድራለች፦ ፈረሱ ይኸው፣ ጋሻው ይኸው፣ መሬቱ ይኸው፣ ጌታው የታለ? ዕቃው በበዛ ቁጥር ጉድለቱ ይበዛል። ኒፕሲም ያደረገው ያንኑ ነው። ገንዘቡን የሚቆጥረው አብሮት የሚቆጥር ሰው ስለጠፋ ነው። ስለዚህ ስለ ሀብት የምትሏት ሁሉ ተሳስታችኋል፤ ፍቺው ይህ ነው፤ ጻፈው አልኩት። ልጁ ስልኩን አውጥቶ ጻፈ። "ጌታው የታለ" የሚለውን በትክክለኛው ፊደል መጻፉን መነጽሬን አድርጌ አረጋገጥኩ። እናቱ ከወጥ ቤት "አባዬ፣ ቡናው እኮ ቀዘቀዘ" ትላለች። ሰው ሥራ ላይ እያለ!

አሁን ደግሞ በቀጣዩ ቅዳሜ ኬንድሪክ ላማርን ይዤልህ እመጣለሁ ብሎኛል። ከኒፕሲ ጋር "ዴዲኬሽን" የምትለው ላይ ያለው የኮምፕተን ልጅ ነው፤ በ2018 "ዳም" በተባለው አልበሙ የፑሊትዘር ሽልማት ተሰጥቶታል። ፑሊትዘር! ለራፕ! ቀጥሎ ለአዝማሪም ሊሰጡ ነው፤ ያውም ሃምሳ ዓመት አርፍደው። አልሰማም ብዬዋለሁ። ግጥሙ ብዙ ፍቺ አለው ስላለኝ ግን ግጥሙን ጎላ ባሉ ፊደላት አሳትሞ ይዞልኝ እንዲመጣ፣ በሁለት ቅጂ፣ ሰፋ ያለ ኅዳግ እንዲተውበት ነግሬዋለሁ፤ እነሱ የሳቱትን የምጽፍበት ቦታ ያስፈልገኛል። በሦስት ሰዓት ና ብዬዋለሁ፤ እሱ አምስት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣው። የዛሬ ልጅ ቀጠሮ አያከብርም።